አፍሪካ የሚሉት አገር

ልጄን ከይጁቤ ገበያ በወሰዱት ቀን የበግ ቆዳ ደበሎው አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር። ቁንጫ ገብቶበት ሲያሳክከው ሰነበተና እኔው ነኝ ፀሐይ ይምታው ብዬ ያወጣሁት። «ስመለስ እለብሰዋለሁ፤ እስከዚያ ቁንጫዎቼን አደራ» ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። በላዩ ላይ የነበረችው አንዲት ሳስታ ያለቀች ኩታ ናት። ጨው ይዞልኝ ሊመለስ ነበር።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ለጥቂት ቀን ሊጠይቀኝ መምጣቱ ነው። አባቱ ወደ ሰሜን ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ሬሳው ስላልመጣ በበርኖሱ ላይ አልቅሰን፣ ተዝካሩን አውጥተን ተቀምጠናል። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የያዝነው እኔና ሁለቱ ልጆቼ ነን፤ እሱና ታናሽ እህቱ።

ጣልያን ከገባ ጀምሮ ፍርሃት ያልገባበት ሰውነት አልነበረኝም። ውሻ ሲጮህ እሳቱን አዳፍናለሁ። ሰው በደጅ ሲያልፍ ልጅቷን ጓዳ አስገባለሁ። ወንዱን ግን ተማሪ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው፣ ማን ይነካዋል እል ነበር። እዚያ ላይ ብቻ ነው ሳልፈራ የተገኘሁት።

በመንገዱ ላይ የስልክ ሽቦ ተቆርጦ ተገኘ ተባለ። ወታደሮቹ ገበያውን ከበቡና ጎበዝ ጎበዙን እየለዩ ካሚዮን ላይ ጫኑ። ይህን የነገረችኝ ቅቤ ልትሸጥ የወጣች ጎረቤቴ ናት። አንድ አሞሌ ጨው በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች።

«ልጅሽንም ጭነውታል» አለችኝ። «ሲያልፍ አየኝና ‹ይቺን ለእናቴ› ብሎ ወረወረልኝ። ካሚዮኑ ወደ ማርቆስ ነው የሄደው።»

በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ወረድሁ። የጣልያን ሹም ካለበት ግቢ በር ላይ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ ሁላችንም ስለ አንድ ነገር ነበር የመጣነው፤ ግን እርስ በርሳችን አናወራም። ማን ከማን ጋር እንደ ታየ የሚጽፍ አለ ይባል ነበር። ከበሩ በላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ሰፊ ታፔላ ተሰቅሏል። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የተዳርሁ ሴት ነኝ፤ ያን ጽሑፍ ዝም ብዬ ከማየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም።

ሹሙ ሲወጣ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ ወደቅሁለት። በኛ አገር እንዲህ አድርጎ የለመነን ሰው ጠላትም ቢሆን ቀና በል ይለዋል። ፈረንጁ ግን ድንጋዩን አይቶ አስተርጓሚውን ጠየቀው፤ አስተርጓሚው ሲነግረው ሳቀ። አስተርጓሚው ከሚስዮን ቤት ያደገ ጠይም ሰው ነበር፤ የአገራችንን ቋንቋ እንደኛው ነው የሚናገረው፤ የት ተወላጅ እንደ ሆነ ግን አይናገርም።

«ልጄን ነው» አልሁ። «ከይጁቤ የተወሰደውን ተማሪ። የት ነው ያለው በሉልኝ።»

ሹሙ አንድ ነገር ተናገረና አሁንም ሳቀ፤ ወደ ፈረሱ ሄደ። አስተርጓሚው ወደኔ ሳያይ፣ «ልጅሽ አፍሪካ ነው ያለው። ተነሽ፤ ድንጋይሽን ይዘሽ ሂጂ» አለኝ።

ያን ቀን ደስ እያለኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ዛሬ ይህን ስጽፍ ያ ደስታዬ ነው ከሁሉ የሚያቃጥለኝ። ሞቷል አላሉኝም፤ ተሰቅሏል አላሉኝም። አገር ጠሩልኝ። አገር የተጠራለት ሰው ቢርቅም መንገድ አለው ብዬ ነው።

የባሌ ታላቅ ወንድም እደጅ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ነገርኋቸው።

«አፍሪካ?» አሉ። «ምጽዋን ሰምቻለሁ፣ ሱዳንን ሰምቻለሁ፣ ኢየሩሳሌምን ሰምቻለሁ። አፍሪካ ደግሞ በማን በኩል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ወንድምጋሼ። ሹሙ ነው ያለው።»

«የሚያውቀው ሰው የሌለ አገር…» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱት ተዉት። ወደ አጥሩ ሲያዩ ደበሎው ገና እዚያው ነበር። «እህቴ፣ እንዳትቆጪኝ። እኔ እንባሽን የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ይህ ልጅ ካልተለቀሰለት ግን ሸፍቷል ይባላል። ከካሚዮን ዘለው ያመለጡ አሉ ብለው ዛሬ ገበያ ላይ ሲያወሩ ነበር። ሸፍቷል ከተባለ ይህን ቤት ያቃጥሉታል፤ ከዚህ በኋላ የኔን። ልጅቷንም አስቢያት። ደበሎውን ስጪኝና በሱ ላይ ለቅሶ እንቀመጥ።»

«በቁሙ?»

«በቁሙ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አፍሪካ ነው ብለውኛል እኮ!»

ደበሎውን ከአጥሩ አንስቼ ጓዳ አስገባሁት። ፍርሃታቸው የኔም ፍርሃት ነበር፤ እሳቸው ግን አፋቸውን ከፍተው ስለ ተናገሩት ጠላኋቸው።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። የአገሩን ስም ስነግራቸው፣ «አፍራቅያ!» አሉ። «በኛ መጽሐፍ አፍራቅያ ነው የሚለው፣ ልጄ። ሐዋርያት ዓለምን በዕጣ ሲካፈሉ ለአንደኛው አፍራቅያ ደረሰው። ሄዶ አስተማረበት።»

«እና ክርስቲያን አለበት?»

«ነበረበት። ጳጳሳት የወጡበት አገር ነው። ከባሕር ጠረፍ ነው፤ ከምስር፣ ከግብፅም ያልፋል።»

እግራቸውን ሳምሁ። ሐዋርያ የረገጠው አገር ነዋ! ልጄ እዚያ ሄዶ ቅኔ ቢዘርፍ የሚሰማው ሰው ያገኛል ብዬ፣ እስቲ አስቡት፣ ይህን እንኳ አስቤያለሁ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርኋቸው። በቅዳሴ ላይ ስለ መንገደኞች የሚጸለይበት ቦታ አለ፤ ስለ ሙታን የሚጸለይበትም ሌላ ቦታ አለ። የልጄን የክርስትና ስም ከመንገደኞቹ ጋር እንዲያነሡልኝ ለመንኋቸው።

«የባልሽ ወንድም ከሙታን ጋር አንሡልኝ ብሎኝ ነበር» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም፤ ኃጢአት ነው። አገሩ ከታወቀማ መንገደኛ ነው። አነሣዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሥራዬ ያን መስማት ሆነ። በሴቶች በር ቆሜ፣ መንገደኞች የሚለው ላይ ሲደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ድምፃቸው ደካማ ነው፤ ግን ይሰማኛል። ያን ስም ከሰማሁ ሳምንቱን ውዬ አድራለሁ፤ እህል ይወርድልኛል።

ነገር ግን እናት ነኝና፣ ስለ ሐዋርያው መስማት አልበቃኝም። ይበርዳል ወይ? ያ ልጅ በአንዲት ኩታ ነው የሄደው። ይህን የሚያውቅ ማን አለ ብዬ ስጠይቅ፣ ደብረ ማርቆስ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ እስላም ነጋዴ እንዳሉና መካ ደርሰው እንደ ተመለሱ ነገሩኝ። ለዓመት በዓል ቀሚስ ገዝቼባቸው አውቃለሁ።

«ኢፍሪቅያ» አሉ እሳቸው ደግሞ። «ዐረቦቹ እንዲያ ነው የሚሉት፣ እሜቴ። ከዚያ የመጡ ሐጃጆች አይቻለሁ። ፀሐይ ከምትገባበት በኩል ነው፤ ከምስር ወዲያ በአሸዋ ወራት ይኬዳል። ታውቂያለሽ ምን እንደሚለብሱ? በርኖስ! ቆብ ያለው በርኖስ፤ እንደኛ አገር ባላባት።»

«በርኖስ ከለበሱማ ይበርዳል ማለት ነው።»

«ቀን ያነዳል፤ ሲመሽ ያንቀጠቅጣል አሉኝ። የአሸዋ አገር ጠባዩ ነው።»

«ደበሎውን ብልክለት የሚያደርስልኝ ሰው ይኖራል?»

ሽማግሌው ጨርቃቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አንዱን ጨርቅ አጥፈው ዘርግተው እንደገና አጠፉት። «ማንም ነጋዴ እዚያ አይደርስም፣ የኔ እመቤት። ያደረሰው ካሚዮን ነው፤ የሚያደርስልሽም ካሚዮን ነው። ጣልያኖቹን ጠይቂ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወይም አትጠይቂ» አሉኝ።

ሁለተኛውን ምክራቸውን ብሰማ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። እስከ ዛሬ ልጄ ሩቅ አገር ይሆንልኝ ነበር።

ገብስ ቆልቼ በሶ አስፈጨሁ። ደበሎውን በእንዶድ አጠብሁት፣ ቁንጫው እስኪያልቅ በጢስ አጠንሁት፣ በአንገቱ በኩል የተተረተረውን ሰፋሁት። የባሌ ወንድም መጥተው ስሰፋ አዩኝ።

«ለመቼ ነው የምትሰጪኝ?»

«ልልክለት ነው፣ ወንድምጋሼ።»

«አብደሻል!» አሉ። ተቀመጡና ደግሞ በለሆሳስ፣ «ትናንት በታችኛው መንደር ሁለት ቤት አቃጥለዋል። ልጆቻቸው የት እንደ ሄዱ መናገር ያቃታቸውን ሰዎች ቤት» አሉ። ትልቅ ሰው፣ በዘመናቸው አደን ያደኑ ሰው፣ ደጁን ደጁን ያያሉ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ልሂድ» አልኋቸው። «ዕቃውን ከተቀበሉኝ፣ ልጁ በነሱ እጅ ነው ማለት ነው፤ ሸፍቷል አይሉንም።»

በዚህ ተስማሙ። እኔም ራሴን ብልህ አድርጌ ቆጠርሁ።

ደብረ ማርቆስ ስደርስ ሹሙ አልነበረም። አስተርጓሚው ከበሩ አጠገብ ባለ ጥላ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ቡትስ ጫማውን በስብ ይወለውላል። ያን ቀን ብቻውን ስለ ነበረ ይሆን እንጃ፣ አላባረረኝም።

«ምንድን ነው የያዝሽው? ይሸታል።»

«የልጄ ደበሎ ነው ጌታዬ። በሶም አለው። ወደ አፍሪካ የሚሄድ ካሚዮን ሲኖር ይጫንልኝ ብዬ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን እሱም የማሾፍበት መስሎት ኖሯል። ከዚያ እንደማላሾፍ ገባው። ጫማውን አስቀመጠ።

«ነይ እዚህ» አለኝና ታፔላውን አሳየኝ። «ምን ይላል መሰለሽ? የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ ነው የሚለው። ይህ ግቢ፣ ይህ ከተማ። አንቺ የመጣሽበት መንደር። ሸዋ፣ አስመራ፣ ሶማሌ። የቆምሽበት ሁሉ አፍሪካ ነው።»

«ይህማ ጎጃም ነው።»

«ጎጃምም አፍሪካ ውስጥ ነው። ምስርም፣ ሱዳንም። ከባሕር እስከ ባሕር አንድ ስም ነው ያወጡለት።»

«ማን?»

«ሮማውያን ናቸው ይላሉ፤ የነዚህ አያቶች። ባሕር ጠረፍ ላይ አንዲት ትንሽ ነገድ ነበረች አሉ። ተዋግተው ያዙዋትና አገሩን በሷ ስም ጠሩት። ከዚያ ወደ ውስጥ ባዩ ቁጥር ያንኑ ስም እየጎተቱ አለበሱት። ግሪኮች ግን ያን በኩል ሊቢያ ነበር የሚሉት፤ ጥቁሩን ሰው ሁሉ ደግሞ…» ዞር ብሎ በሩን አየና ድምፁን አጠፋው። «ኢትዮጵያ ይሉት ነበር።» ያን ስም በዚያ ግቢ ሲጠራ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

እኔ ይህ ሁሉ ገብቶኝ አልነበረም። ደበሎውን አቅፌ ቆሜያለሁ። የነፍስ አባቴ አፍራቅያ፣ የነጋዴው ኢፍሪቅያ፣ ሐዋርያው፣ በርኖስ የለበሱት ሰዎች፣ ሁሉም ከፊቴ እየራቁ ሄዱ። «ትርጉሙስ ምንድን ነው?» አልሁት። ለምን እንደ ጠየቅሁት አላውቅም፤ ዝም ካልሁ የሚነግረኝን ሌላ ነገር ፈርቼ ይመስለኛል።

«አይታወቅም። ብርድ የሌለበት ማለት ነው የሚል አለ። አቧራ ማለት ነው፣ አፈር፣ የሚልም አለ። መምህራኑ ራሳቸው አልተስማሙም።»

ብርድ የሌለበት። እንግዲያው ደበሎው አያስፈልገውም ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ እኔ የቆምሁበትም እሱው መሆኑ ትዝ አለኝና ብርድ ብርድ አለኝ።

«ታዲያ ሹሙ አፍሪካ ነው ሲለኝ የት ማለቱ ነው?»

አስተርጓሚው ጫማውን አነሣ፤ መወልወል ጀመረ። «እሱ ያለው ሌላ ነው። ‹አትጨነቂ በላት፤ ከአፍሪካ አልወጣም› ነው ያለው። ቀልድ ነው። እኔ አሳጠርሁልሽ።»

«የት ነው ልጄ?»

«አላውቅም።»

«እሱስ?»

«እሱም አያውቅም። የዚያን ቀን የተጫኑት ከአንድ ቦታ አልሄዱም። ወደ ምጽዋ የተወሰዱ አሉ፣ ወደ ሶማሌ በረሃ የተወሰዱ አሉ።» ቆመ። «መንገድ ላይ፣ ገደል አፋፍ የወረዱም አሉ።»

የወረዱ ያለውን አልጠየቅሁትም። ገብቶኛል።

«ዕቃውን ግን ይቀበሉኝ» አልሁት። «ቤቴን እንዳያቃጥሉብኝ። ለልጄ ዕቃ አምጥታለች ብለው ይጻፉልኝ።»

«ስምሽ የሚጻፍ ከሆነ ዕቃ ላከችለት ከሚባል አለቀሰችለት ቢባል ይሻልሻል» አለኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አገሬ ሰው ሆኖ። «ሂጂና አልቅሺ። ጩኸቱ እስከ መንገዱ ይሰማ። የሞተ ሰው ቤት አያቃጥሉም።»

ደበሎውን ይዤ ተመለስሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን አገር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ጤፉ፣ ባሕር ዛፉ፣ የከብቱ መንገድ። ያን ቀን ግን የማላውቀው አገር ሆነብኝ። በእያንዳንዱ ገደል ሥር ልጄ ያለ ይመስለኛል። ሩቅ ነው ስባል አንድ ቦታ ነበረው። ከዚህ አልወጣም ስባል የሌለበት ቦታ ጠፋ። ስሙ ሲሰፋ ልጄ በውስጡ እንደ አሞሌ ጨው በወንዝ ቀለጠብኝ።

የባሌ ወንድም ደጅ ላይ ነበሩ። ደበሎውን ሰጠኋቸው።

ድንኳን ተተከለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ደበሎውን በአልጋ ላይ ዘረጉት፣ አጠገቡ መቋሚያውን አስቀመጡ። አልቃሿ ስለ ቅኔው፣ ስለ ድምፁ አወረደች። እኔ ለጣልያን ጆሮ ልጮህ ነበር የተቀመጥሁት፤ እስከ መንገዱ እንዲሰማ። ጮህሁ። መሐል ላይ ግን ደረቴን ስመታ እጄ የኔ እንዳልሆነ አወቅሁ። የማስመሰሉ ልቅሶ የት ላይ እንዳለቀና እውነተኛው የት እንደ ጀመረ እስከ ዛሬ መለየት አልችልም። ልጅቷ መጥታ፣ «እምዬ፣ ውሸት ነው ብለሽኝ አልነበር?» ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ንፍሮው የተቀቀለው እሱ በላከልኝ ጨው ነው።

ሰው ከተበተነ በኋላ የነፍስ አባቴ ቀሩ። አስተርጓሚው ያለኝን ሁሉ ነገርኋቸው።

«እንዲህ ከሆነ መንገደኛ ነው ለማለት አልችልም» አሉ። «ሞቷል ለማለትም አልችልም።»

«ያ ሐዋርያ» አልኋቸው፣ «ያ አፍራቅያ የደረሰው። ተመልሷል?»

ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረጉ። «በዚያው ገደሉት፣ ልጄ። ያን ቀን ልነግርሽ አልወደድሁም።» ከዚያም በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ልቅሶው ለጣልያን ይሁን። ፍትሐት ግን አልፈታሁም። ስሙን ከነበረበት፣ ከመንገደኞቹ መሐል አላወጣውም፤ እግዚአብሔር የት እንደሚጽፈው ያውቃል።»

ቤቱ አልተቃጠለም። የልጄን ሞት ሰጥቼ ቤት ገዛሁ።

ጣልያን ሲወጣ ያን ታፔላ ሰዎች አውርደው ሰባበሩት። ከሶማሌ በረሃ የተመለሱ ነበሩ፤ ከምጽዋም። አጥንታቸው የወጣ ሰዎች በመጡ ቁጥር ስጠይቅ ከረምሁ። እንዲህ ያለ ተማሪ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት። አንዱም አላየውም። ደበሎውን ከለቅሶው በኋላ ቋሚ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ማንንም አላስለበስሁትም።

የነፍስ አባቴ ባለፈው ክረምት ዐረፉ። በሳቸው ቦታ የመጣው ቄስ ወጣት ነው፤ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገብቶ የወጣ፣ ካርታ ያየ ነው ይሉታል። የሚነሡትን ስሞች ሲጠይቅ ተራዬ ደረሰና የልጄን የክርስትና ስም ነገርሁት። ከመንገደኞች ጋር ነው አልሁት።

«ወዴት ሄዶ ነው፣ እማማ?»

«አፍሪካ።»

በአክብሮት ነው የመለሰልኝ፤ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም። «እማማ፣ ይህም እኮ አፍሪካ ነው።»

«አውቃለሁ» አልሁት።

ስሙን በደብተሩ ጻፈ። በመጪው እሑድ በሴቶች በር እቆማለሁ። ስሙን ከመንገደኞች ይሁን ከሙታን ጋር እንደሚያነሣው አልነገረኝም።